የብስክሌት ጥራት የሚለካው በዕቃው ብቻ ሳይሆን በገጣጣሚው ጥንቃቄም ጭምር ነው

ለውድድርና ለረጅም ርቀት ጉዞ የሚሠሩ ዘመናዊ ብስክሌቶች ዋጋቸው ከፍተኛ ነው። በዓለም ገበያ ከ10 ሺህ የአሜሪካን ዶላር በላይ የሚሸጡ ብስክሌቶች ጥቂት አይደሉም። የአብዛኞቹ ክብደት ግን ከ7 እስከ 8 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ይህ ቀላል አካል የአንድን ሰው ሙሉ ክብደት ተሸክሞ በተራራ ቁልቁለት ላይ በሰዓት ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት ሊወርድ ይችላል።

በዚህ ፍጥነት ላይ የብስክሌተኛው ሕይወት የተመሠረተው መሪውን በያዙት ጥቂት ብሎኖች፣ ቸርኬውን በወጠሩት ቀጫጭን ሽቦዎችና ፍሬኑ ውስጥ ባለው ጥቂት ዘይት ላይ ነው። እነዚህን ሁሉ አስተካክሎ የገጠመው መካኒክ በዚያች ሰዓት ከብስክሌተኛው ጋር የለም። የሥራው ጥንቃቄ ወይም ጉድለት ግን አብሮት ይጓዛል።

በመሆኑም ውድ ብስክሌት ለማሠራት የሚነሳ ሰው ከዕቃው ምርጫ እኩል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ሊጨነቅበት የሚገባው ጉዳይ ሥራውን የሚረከበው ባለሙያ ማንነት ነው። ጥንቁቅ መካኒክ የሚሠራው ሥራ ምን እንደሆነ፣ ባለሙያው ከሌላው በምን እንደሚለይና የተለያዩ አገሮች ብቃቱን በምን መንገድ እንደሚያረጋግጡ ማወቅ ለብስክሌት ወዳጆች ብቻ ሳይሆን፣ ስለ ሙያ ሥልጠናና ስለ ትራንስፖርት ውሳኔ ለሚሰጡ አካላትም ጠቃሚ ነው።

ብስክሌት ማሠራት ሲባል

አንድ መደበኛ ብስክሌት ከፋብሪካ ሲወጣ አብዛኛው ክፍሉ ተገጥሞ በካርቶን ታሽጎ ይላካል። ሻጩ መሪውን፣ ፔዳሎቹን፣ የፊት ጎማውንና ኮርቻውን ገጥሞ፣ ፍሬኑንና ማርሹን አስተካክሎ ለገዢው ያስረክባል።

ከፍተኛ ደረጃ ባላቸው ብስክሌቶች ዘንድ ግን ሌላ አሠራርም የተለመደ ነው። ደንበኛው ፍሬሙን ብቻ ከአንድ አምራች ይገዛል፤ ማርሹን፣ ፍሬኑን፣ ቸርኬውን፣ መሪውንና ኮርቻውን ደግሞ እንደየፍላጎቱ ከልዩ ልዩ ኩባንያዎች ያሰባስባል። በዚህ መንገድ የተሰባሰቡትን ዕቃዎች አንድ አድርጎ ለመንገድ የሚያበቃው መካኒኩ ነው። ፋብሪካው የሚሰጠው ዋስትና በየዕቃው ላይ የተወሰነ በመሆኑ የጠቅላላው ብስክሌት ኃላፊነት በገጣጣሚው ትከሻ ላይ ይወድቃል።

የዕቃዎቹ አለመጣጣም የመጀመሪያው ፈተና ነው። በዓለም ላይ ከሚታወቁት የማርሽና የፍሬን ዕቃ አምራቾች መካከል ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1921 በጃፓኗ ሳካይ ከተማ፣ ካምፓኞሎ በ1933 በጣሊያኗ ቪቼንዛ፣ ስራም ደግሞ በ1987 በአሜሪካዋ ቺካጎ የተመሠረቱ ናቸው። ሦስቱም የየራሳቸውን ልክ ስለሚከተሉ የአንዱ ማርሽ መቀየሪያ ከሌላው ጋር ሁልጊዜ አይሠራም።

የልክ ልዩነት ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ ፔዳሎቹ የሚሽከረከሩበትን የፍሬሙን የታችኛውን ማዕከል መመልከት ይበቃል። በእንግሊዝ ልክ በተሠራ ፍሬም ላይ በስተቀኝ የሚገባው ክፍል የሚጠብቀው ከተለመደው በተቃራኒ ወደ ግራ ሲዞር ነው። በጣሊያን ልክ በተሠራው ላይ ግን ሁለቱም ወገኖች ወደ ቀኝ ሲዞሩ ይጠብቃሉ። ይህን ሳይለይ በጉልበት የሚያጠብቅ ሰው የፍሬሙን ጥርስ በደቂቃዎች ውስጥ ያበላሻል። ጉዳቱም በቀላሉ የሚጠገን አይደለም።

ከታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ብስክሌት ነጂውና መካኒኩ በሥራ ድርሻ የተለያዩት ዘግይቶ ነው። በቱር ደ ፍራንስ የመጀመሪያ ዓመታት ተወዳዳሪው ብስክሌቱ ሲሰበር ያለማንም እገዛ ራሱ የመጠገን ግዴታ ነበረበት።

ለዚህ በምሳሌነት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1913 የፈረንሳዊው ኦዤን ክሪስቶፍ ገጠመኝ ነው። ክሪስቶፍ በፒሬኔ ተራሮች የቱርማሌን ቁልቁለት ሲወርድ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ተሰበረበት። ብስክሌቱን ተሸክሞ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በእግሩ ተጉዞ ሴንት ማሪ ደ ካምፓን ከተባለች መንደር ደረሰ። በዚያም በአንድ አንጥረኛ ቤት የውድድሩ ዳኞች እየተመለከቱት ሹካውን በገዛ እጁ በእሳት አግሎ ጠገነ። ወናፉን ያናፋለት አንድ ልጅ ስለነበረ ግን እገዛ አግኝቷል ተብሎ የሰዓት ቅጣት ተጣለበት። ከመሪዎቹ ተርታ የነበረው ክሪስቶፍ በጥገናው ሰዓታት በማጥፋቱ የማሸነፍ ዕድሉን አጣ። በመንደሯ ይህን ድርጊት የሚያስታውስ ጽሑፍ ይገኛል።

አንድ የተሰበረ ሹካ የዓመት ልፋት ከንቱ እንደሚያደርግ የታየበት ይህ ዘመን አልፎ የውድድር ቡድኖች የራሳቸውን መካኒኮች ይዘው መጓዝ ጀመሩ። በጣሊያን በተለይም በሚላኖ አካባቢ ስማቸው የታወቀ ወርክሾፖች ተስፋፉ። ፋሊዬሮ ማዚ በሚላኖው ቪጎሬሊ የብስክሌት መወዳደሪያ ሥር በነበረው ወርክሾፕ፣ ኤርኔስቶ ኮልናጎ ደግሞ በካምቢያጎ ለታላላቅ ተወዳዳሪዎች ብስክሌት ሲሠሩ ኖረዋል።

ቤልጅጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 25 ቀን 1972 በሜክሲኮ ከተማ በአንድ ሰዓት 49 ነጥብ 431 ኪሎ ሜትር በመጓዝ ክብረ ወሰን ያስመዘገበው ኮልናጎ በሠራለት ብስክሌት ነበር። የብስክሌቱ ክብደት ከ6 ኪሎ ግራም በታች ነበር። ክብደቱን ለመቀነስ በርካታ የብረት ክፍሎቹ በመሰርሰሪያ ተበስተው ነበር። የት መብሳት እንደሚቻልና የት መተው እንደሚገባ ያወቀው የባለሙያው ልምድ ነው።

የክብደት ቅነሳው ፉክክር እየጨመረ በመምጣቱ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ለውድድር የሚቀርብ ብስክሌት ከ6 ነጥብ 8 ኪሎ ግራም እንዳያንስ የሚል ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በሥራ ላይ አውሏል።

ጥንቁቅ መካኒክ ምን ይሠራል?

ለጥንቁቅ መካኒክ የሥራው መጀመሪያ መግጠም ሳይሆን መመርመር ነው። ፍሬሙ ከካርቶኑ እንደወጣ ስንጥቅ፣ ጭረትና የልክ መዛባት መኖር አለመኖሩን ይፈትሻል። ኩሽኔታዎች የሚቀመጡባቸው ቦታዎች ክብና ትይዩ መሆናቸውን ይለካል። በብረት፣ በቲታኒየምና በአሉሚኒየም ፍሬሞች ላይ የቀለም ፍርፋሪ የሞላባቸውን የብሎን ጥርሶች ያጸዳል፤ ገጽታቸው ያልተስተካከለውን በልዩ መሣሪያ ያስተካክላል። ይህ ሥራ ብስክሌቱ ከተገጠመ በኋላ የማይታይ በመሆኑ ቸልተኛ ሠራተኛ በቅድሚያ የሚዘለው ደረጃ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው የቸርኬ ሥራ ነው። አንድ ቸርኬ በአብዛኛው ከ20 እስከ 32 በሚደርሱ ቀጫጭን ሽቦዎች በመሐሉ ካለው ሞዞ ጋር የተያያዘ ነው። እያንዳንዱ ሽቦ እንደ ቸርኬው ዓይነት ከ100 እስከ 120 ኪሎ ግራም ከሚደርስ ክብደት ጋር በሚመጣጠን ኃይል ሊወጠር ይችላል። የኋላ ቸርኬ የማርሽ ጥርሶች በስተቀኝ ስለሚገጠሙበት የቀኙ ወገን ሽቦዎች ከግራው ይበልጥ ይጠብቃሉ።

ቸርኬው ሲሽከረከር ቀጥ ብሎ መታየቱ ብቻውን በቂ አይደለም። አንዱ ሽቦ ከልክ በላይ ጠብቆ ጎረቤቱ ቢላላም ቸርኬው ለጊዜው ቀጥ ሊል ይችላልና። ውሎ አድሮ ግን የላላው ይበልጥ ይላላል፤ የጠበቀውም ይበጠሳል። ስለሆነም ጥንቁቅ መካኒክ የእያንዳንዱን ሽቦ ውጥረት በመለኪያ ይመዘግባል። ብዙዎቹም ሽቦዎቹን እንደ ክራር አውታር እየነኩ የድምፃቸውን አንድነት ያዳምጣሉ። ከዚያም ሽቦዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርገው በእጃቸው በመጨመቅ በቦታቸው እንዲረጉ ካደረጉ በኋላ እንደገና ይለካሉ።

ሦስተኛው የብሎን ጉዳይ ነው። የማጥበቅ ኃይል የሚለካው በኒውተን ሜትር ሲሆን፣ ፔዳልን ለማጥበቅ ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር የሚያስፈልግ ሲሆን ከካርቦን የተሠራ የኮርቻ ዘንግ ግን በአብዛኛው የሚፈልገው 5 ኒውተን ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሁለቱ መካከል የ7 እና የ8 እጥፍ ልዩነት አለ። ይህን ልዩነት በእጅ ግምት መጠበቅ ለልምድ ባለሙያም ቢሆን አስተማማኝ ስላልሆነ ኃይልን ለክቶ የሚያጠብቅ ቁልፍ የግድ ያስፈልጋል።

የካርቦን ጠባይ ከብረት የተለየ መሆኑም ጥንቃቄውን አስፈላጊ ያደርገዋል። ብረት ከመሰበሩ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ይጎብጣል፤ በመጉበጡም ለባለቤቱ ያስታውቃል። ከልክ በላይ የተጨመቀ ካርቦን ግን ከቀለሙ ሥር ተሰንጥቆ ከውጭ ጤናማ መስሎ ሊታይ ይችላል። ስብራቱ የሚገለጠው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ ምናልባትም በቁልቁለት ላይ ሊሆን ይችላል።

ቅባትም የራሱ ሥርዓት አለው። የብረት ብሎን ጥርስ ግሪስ ይቀባል። ካርቦን ከሌላ አካል ጋር በሚጨመቅበት ቦታ ላይ ግን የሚቀባው ግሪስ ሳይሆን ደቃቅ ፍርፋሪ ያለበትና መንሸራተትን የሚከለክል ልዩ ቅባት ነው። በካርቦን ፍሬም ውስጥ የገባ የአሉሚኒየም ዘንግ እንዲሁ ከተተወ ላብና ዝናብ ሲነካው ዝጎ ሊጣበቅ ስለሚችል ተገቢው መከላከያ ሊደረግለት ይገባል።

በፍሬን በኩል ደግሞ በዘይት ግፊት የሚሠሩ የዲስክ ፍሬኖች ሁለት ዓይነት ፈሳሾችን ይጠቀማሉ። አንዳንዶቹ የማዕድን ዘይት፣ ሌሎቹ ከተሽከርካሪ የፍሬን ዘይት ጋር ተመሳሳይ የሆነ ፈሳሽ ይፈልጋሉ። አንዱ በሌላው ምትክ ከተሞላ በውስጥ ያሉት ጎማ መሰል ክፍሎች ይበላሻሉ፤ ፍሬኑም መያዙን ሊያቆም ይችላል። የዘይት ጠብታ በዲስኩ ላይ ቢያርፍ እንኳ የመያዝ አቅሙን በእጅጉ ይቀንሰዋል።

ከሁሉም ይበልጥ መመለሻ የሌለው ሥራ የሹካውን ዘንግ በልክ መቁረጥ ነው። ዘንጉ መሪው የሚቀመጥበትን ከፍታ ስለሚወስን ከነጂው ቁመትና አቀማመጥ ጋር መስማማት አለበት። ረዝሞ የቀረ እንደገና ይቆረጣል፤ አጥሮ የተቆረጠ ግን መቀጠል ስለማይችል ሹካው በአዲስ ይተካል። ጥንቁቅ ባለሙያ በዚህ ደረጃ ላይ ደንበኛውን በብስክሌቱ ላይ አስቀምጦ ሳይለካና ፈቃዱን ሳያገኝ መጋዝ አያነሳም።

ባለሙያው በምን ይለያል?

ብዙ ሰዎች መካኒክ የሚመርጡት በወርክሾፑ ስፋት ወይም በማስታወቂያው ድምቀት ነው። ይሁንና የሙያው ሰዎች ትኩረት የሚሰጡት ለሌሎች ምልክቶች ነው።

የመጀመሪያው ምልክት ባለሙያው የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ናቸው። ጥንቁቅ መካኒክ ስለ ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት የነጂውን ክብደትና ቁመት፣ የሚጓዝበትን መንገድ፣ ቀድሞ የደረሰበትን ጉዳትና በሳምንት ምን ያህል እንደሚጋልብ ይጠይቃል። 60 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው የሚበቃ ቸርኬ 95 ኪሎ ግራም ለሚመዝነው ላይበቃ ይችላልና።

ሁለተኛው ምልክት እምቢ ማለት መቻሉ ነው። የማይጣጣሙ ዕቃዎችን ይዞ የመጣን ደንበኛ "እንደምንም ይገጠማል" ብሎ የሚቀበል ሠራተኛ ደንበኛውን ያስደሰተ ቢመስልም ለአደጋ ያጋልጠዋል። ጥንቁቁ ግን ዕቃዎቹ የማይጣጣሙበትን ምክንያት አስረድቶ ይመልሳል፤ ገቢውን ቢያጣም ስሙን ይጠብቃል።

ሦስተኛው መሣሪያውና አያያዙ ነው። ኃይል የሚለካ ቁልፍ፣ የሽቦ ውጥረት መለኪያ፣ የሰንሰለት ርዝመት መለኪያና የማርሽ መቀየሪያው የሚንጠለጠልበትን ክፍል ቀጥታነት የሚፈትሽ መሣሪያ መኖራቸውን መመልከት ጠቃሚ ነው። መሣሪያዎቹ በግድግዳ ላይ ማማራቸው ሳይሆን ከአጠቃቀም ብዛት ማርጀታቸውና ንጹሕ ሆነው መያዛቸው ነው ማስረጃ የሚሆነው።

አራተኛው መዝገብ ነው። የተገጠሙትን ዕቃዎች ዓይነት፣ የኮርቻውን ከፍታ፣ የሽቦዎቹን ውጥረትና ዋና ዋና ብሎኖች የጠበቁበትን ኃይል በጽሑፍ አስፍሮ ለደንበኛው የሚሰጥ መካኒክ ለሥራው ተጠያቂ ለመሆን የተዘጋጀ ነው። ቅሬታ በተነሳ ጊዜም መዝገቡ ለሁለቱም ወገኖች ዳኛ ይሆናል።

አምስተኛው ጊዜ ነው። ከፍተኛ ደረጃ ያለውን ብስክሌት በሥርዓቱ ለመገጣጠም አንድ ሙሉ የሥራ ቀን፣ ቸርኬው እዚያው የሚሠራ ከሆነም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። በሁለት ሰዓት እጨርሳለሁ ብሎ ቃል የሚገባ ሰው ከላይ ከተዘረዘሩት ደረጃዎች የተወሰኑትን እንደሚዘል መገመት አያዳግትም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በጥድፊያ የተቆጠበው ሰዓት በኋላ በጥገና ወጪ ይመለሳል።

ስድስተኛው ከርክክብ በኋላ ያለው ክትትል ነው። አዲስ የተወጠሩ ሽቦዎችና የማርሽ ገመዶች በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ቦታቸውን እየያዙ ይሄዳሉ። በዚህ ምክንያት ጥንቁቅ ባለሙያ ብስክሌቱ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለዳግም ፍተሻ እንዲመለስ ቀጠሮ ይሰጣል።

እንዲህ ያለውን ሰው ለማግኘት ከሁሉ የተሻለው መንገድ ክለቦችንና ተወዳዳሪዎችን መጠየቅ ነው። ጥያቄውም "ጎበዝ መካኒክ ማን ነው?" ከሚለው ይልቅ "ብስክሌትህን ከአንድ ዓመት በፊት የሠራልህ ማን ነው? ከዚያ ወዲህስ ምን ችግር ገጠመህ?" ቢሆን ይመረጣል። አዲስ የተሠራ ብስክሌት ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ያምራል። የሥራው ጥራት የሚፈተነው በዓመቱ ነው።

በተጨማሪም ሙሉውን ብስክሌት ከማስረከብ በፊት አነስተኛ ሥራ ሰጥቶ መመልከት ብልህነት ነው። የአንድ ቸርኬ ማቃናት ወይም የአንድ ሰንሰለት ቅያሪ የባለሙያውን አሠራር ያሳያል። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ መልሶ ማሳየቱና ያልተጠየቀውን ጉድለት አይቶ መጠቆሙ መልካም ምልክቶች ናቸው።

የአገሮች ተሞክሮ

በደንበኛው ንቃት ላይ ብቻ መተማመን በቂ ባለመሆኑ አንዳንድ አገሮች የመካኒኩን ብቃት በሥርዓት እንዲረጋገጥ አድርገዋል።

በጀርመን የብስክሌት መካኒክነት በሕግ የታወቀ ሙያ ነው። ሠልጣኙ በወርክሾፕና በሙያ ትምህርት ቤት እየተፈራረቀ ለሦስት ዓመት ተኩል ይማራል። በኤሌክትሪክ የሚታገዙ ብስክሌቶች መስፋፋታቸውን ተከትሎ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥልጠናው የኤሌክትሮኒክስ ዕውቀትን ይበልጥ እንዲያካትት ተሻሽሏል። በዚህ ዘርፍ የራስን ወርክሾፕ ለማቋቋም በመርህ ደረጃ የሊቀ ሙያ ማዕረግ ያስፈልጋል።

ጃፓን ደግሞ ፍተሻን ከመድን ጋር አስተሳስራለች። በፈተና ብቃቱ የተረጋገጠ የብስክሌት ደኅንነት መካኒክ ብስክሌቱን መርምሮና ጠግኖ ሲያበቃ ቲ.ኤስ. ማርክ የተባለ ምልክት ይለጥፍበታል። ምልክቱ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል የአደጋ መድን ሽፋን አለው። ዓመቱ ሲሞላ ሽፋኑ እንዲቀጥል ብስክሌቱ እንደገና መፈተሽ ይኖርበታል። በዚህም ባለቤቱ ለደኅንነቱ፣ መካኒኩ ለገቢው፣ መድን ሰጪው ለኪሳራ ቅነሳው ሲሉ ለአንድ ዓላማ ይሠራሉ።

በዚያው በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረው ኬይሪን የተባለው የውድድር ዓይነት የበለጠ ጥብቅ ነው። ሕዝቡ በውድድሩ ላይ ገንዘብ የሚያስይዝ በመሆኑ የሁሉም ተወዳዳሪዎች ብስክሌት ሲሠራ የተፈቀዱና ማኅተም ያረፈባቸው ዕቃዎች ብቻ ይገጠማሉ። ተወዳዳሪዎቹም ብስክሌታቸውን ራሳቸው ገጣጥመው ለፍተሻ ያቀርባሉ። በዚህ አሠራር የመካኒክነት ዕውቀት የስፖርተኛው ሥልጠና አካል ሆኗል።

የአገሮቹ መንገድ ቢለያይም መልእክቱ አንድ ነው። የመካኒኩ ጥንቃቄ የግል ጠባይ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ሥልጠና፣ ፈተና፣ መዝገብና ተጠያቂነት ሊደግፉት ያስፈልጋል።

ለኢትዮጵያ ያለው ፋይዳ

ብስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ቸርኬ፣ ከመነዳሪ፣ ኩሽኔታ፣ ብሎን፣ ካቻቢቴና ጎሚስታ የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ የመጡ መሆናቸው የጥገናው ሙያ በየትኛው በር እንደገባ ይመሰክራል። ቃላቱ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲተላለፉ የኖሩት ከሙያው ጋር ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ ከአትሌቲክስ ጎን ለጎን የብስክሌት ተወዳዳሪዎችንም አሰልፋለች። ከ60 ዓመታት በኋላ በ2016 ጸጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 በዚሁ ውድድር ሦስት ዕለታዊ ድሎችን በማግኘት የአረንጓዴውን መለያ ባለቤት ሆኗል። በ2025 ደግሞ የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና በኪጋሊ በመካሄዱ ውድድሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር ተስተናግዷል።

እነዚህ ውጤቶች በአካባቢው የተሰጥዖ እጥረት አለመኖሩን ያሳያሉ። ይሁንና ወጣት ብስክሌተኛ በችሎታው ልክ እንዲወዳደር ከሥሩ ያለው ብስክሌት አስተማማኝ መሆን አለበት። ውድ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ በግምት በተጠበቀ ብሎን ከተሰበረ ኪሳራው ድርብ ነው፤ ገንዘቡም፣ አንዳንዴ ወጣቱም ይጎዳሉ።

ጉዳዩ በስፖርት ብቻ የሚወሰን አይደለም። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚቆይ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥታ እግረኛንና ብስክሌትን ለማበረታታት ተንቀሳቅሳለች። የብስክሌት መንገድ መሠራቱና ብስክሌት መቅረቡ ከጥገና ባለሙያ ጋር ካልተጣመረ ግን ብስክሌቶቹ በአንድ የተበጠሰ ሽቦ ወይም በአንድ ያለቀ ፍሬን ምክንያት ከመንገድ ሊወጡ ይችላሉ። እንደ አዲስ አበባ ባሉ ዳገትና ቁልቁለት በሚበዛባቸው ከተሞች ደግሞ ያልተስተካከለ ፍሬን የነጂውን ብቻ ሳይሆን የእግረኛውንም ሕይወት ይነካል።

ከዚህ አኳያ ብስክሌት የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች በጨረታ ሰነዳቸው ላይ ዋጋን ብቻ ሳይሆን የመገጣጠምና የርክክብ ፍተሻን፣ የመለዋወጫ አቅርቦትንና ከተወሰነ ጊዜ በኋላ የሚደረግ ዳግም ፍተሻን እንዲያካትቱ ይመከራል። የርክክብ ኮሚቴዎችም ብዛት ቆጥረው ከመፈረም አልፈው ከብስክሌቶቹ ውስጥ ጥቂቱን መርጠው የብሎኖቹን ጥብቀት፣ የቸርኬውን ቀጥታነትና የፍሬኑን አያያዝ በባለሙያ ማስፈተሽ ይኖርባቸዋል።

በሥልጠናው በኩል የተዘረጋው የሙያ ደረጃና የብቃት ምዘና ሥርዓት ለዚህ ሙያም አመቺ መሠረት ሊሆን ይችላል። በየመንገዱ ዳር ተቀምጠው ያለ መለኪያ፣ በዓይንና በጆሮ ብቻ ቸርኬ የሚያቃኑ ጠጋኞች የብዙ ዓመት ልምድ አላቸው። ለእነዚህ ባለሙያዎች የመለኪያ መሣሪያና አጭር ሥልጠና ቢቀርብላቸው፣ ችሎታቸውም ተመዝኖ ማስረጃ ቢሰጣቸው፣ ከአዲስ ጀማሪ በፈጠነ ሁኔታ ለከፍተኛ ደረጃ ሥራ ሊበቁ ይችላሉ።

በአጠቃላይ ጥንቁቅ መካኒክ የሚታወቀው ማንም በማያይበት ቦታ በሚሠራው ሥራ ነው። የጸዳው የብሎን ጥርስ፣ የተመዘገበው የሽቦ ውጥረትና በልኩ የጠበቀው ብሎን ብስክሌቱ ከተገጠመ በኋላ ከዓይን ይሰወራሉ። እነዚህን የሚጠይቅ ደንበኛ፣ የሚመዘግብ ወርክሾፕና የሚያረጋግጥ ተቋም ሲኖሩ ግን ሙያው ያድጋል፤ ብስክሌተኛውም ተማምኖ ቁልቁለቱን ይወርዳል።